በወንጂ ቦዮች ዳር እየተራመዱ አምባዛ ማጥመድ

አዳማ ውስጥ የአሳ ወሬ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያስበው ቆቃን ነው። ቆቃ ጥሩ ነው። ግን ሰፊ ነው፤ ጀልባ ይፈልጋል። መረብ ጥለው የሚያድሩ ሰዎች እንጀራቸውን የሚያገኙበት ቦታም ነው። ግማሽ ቀን ብቻ ላለውና በእግሩ መሄድ ለሚወድ ሰው የሚሻለው ሌላ ውሃ አለ። እሱም ከአዋሽ በፓምፕ እየተሳበ የወንጂን አገዳ የሚያጠጣው የቦይ ውሃ ነው። ከአዳማ ሚኒባስ ይዞ መድረስ ቀላል ነው።

ወንጂ ላይ ስኳር መመረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም.፣ ኤች ቪ ኤ በሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው። አገዳ ያለ ውሃ አይሆንም። ስለዚህ አካባቢው ትልቅና ትንሽ ቦይ በየአቅጣጫው የተዘረጋበት ነው። ውሃው ሲገባ የአዋሽ አሳም አብሮ ይገባል። ቲላፒያም የሚባለው ትንንሹ ቆሮሶ ሳር ሥር ይኖራል፣ ይራባል። እሱን ተከትሎ አምባዛ ይመጣል።

አዋሽ ውስጥ እንደ ጫሞና እንደ አባያ ሐይቆች ነጭ አሳ የሚባለው ትልቁ አዳኝ አሳ (ናይል ፐርች) የለም። እዚህ ሌላ አሳ እያደነ የሚኖረው ዋናው አሳ አምባዛ ነው። አንዳንዴ ቢልጫ የሚባለው አሳም ይነክሳል፤ ሲያድግ እሱም ትንንሽ አሳ ይበላል። ለሁለቱም የሚሠራው ዘዴ አንድ ነው፤ አትቀመጡ፣ ሂዱ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቦይ አብዛኛው ርዝመቱ ለአምባዛ ምንም አይሰጠውም። መደበቂያ የለም፣ ጥላ የለም፣ ውሃው ዝም ብሎ ያልፋል። አሳው ያለው ውሃው በሚታጠፍበት፣ በሚጠልቅበት ወይም በሚሸፈንበት ቦታ ብቻ ነው። ባዶ ቦታ ላይ መንጠቆ ጥሎ አምስት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ትዕግሥተኛ ሊሆን ይችላል፤ አሳ ግን አያገኝም። ያንኑ አምስት ሰዓት እየተራመደ ደህና ደህና ቦታዎችን ብቻ የሞከረ ሰው የማግኘት ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ እቃ ማቅለሉም፣ ሰዓት መምረጡም፣ አረማመዱም ለዚሁ የሚረዳ ነው።

ፈቃድና ሰላምታ

ቦዮቹ የእርሻው ንብረት ናቸው። በአንዳንድ በኩል ደግሞ ቦዩ በአገዳ አብቃይ ገበሬዎች ማሳ መካከል ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉት አሳ ሳይሆን ጥበቃውን ነው። ዘንጋችሁን ሳትዘረጉ፣ መንጠቆ ሳትይዙ ቀረብ በሉ። «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? በቦዩ ዳር አሳ እየፈለግን እንድንሄድ ይፈቀድልናል? የማይደረስበት ቦታ ካለ ይንገሩን» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን መረጃም ይዞ ይመለሳል። የትኛው ቦይ ዛሬ ውሃ እንዳለው፣ የትኛው እንደተዘጋ፣ መድኃኒት የተረጨው የቱ ጋ እንደሆነ፣ የትኛው ማሳ እንደሚቃጠል ከጥበቃው በላይ የሚያውቅ የለም። ገበሬው አፉን የፈታው በኦሮምኛ ከሆነ «አካም ጅርቱ» ማለት ደስ ያሰኛል። ካልተፈቀደላችሁም አመስግናችሁ ተመለሱ፤ ክርክር ውስጥ አትግቡ። አሳ ማስገርን የሚመለከት የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ የሚላችሁን አስቀድሞ መጠየቅ ደግሞ ብልህነት ነው።

ስለ ማሳ ቃጠሎ ካነሳን አይቀር፣ አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል። እሳቱ ፈጣን ነው፤ ከውስጡ የሚሸሸው እባብም ወደ ቦዩ ዳር ነው የሚወጣው። ጭስ ካያችሁ ወደዚያ አቅጣጫ አትሂዱ። አገዳ የጫኑ ትራክተሮችና መኪኖች በቦዩ ዳር መንገድ ይመላለሳሉ፤ ሹፌሩ ከአገዳው ጀርባ የቆመ ሰው ላይታየው ይችላል። መንገድ ላይ ቆማችሁ መንጠቆ አትወርውሩ።

መቼ ይኬዳል

አምባዛ ሙቀት ይወዳል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ምግብ ይቀንሳል፣ ይደነዝዛል። ስለዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ተነስታችሁ ብዙ አትጠብቁ። በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ የእኔ ምርጫ ነው፤ ውሃው ሞቅ ብሎ የአሳው ሆድ ይከፈታል። ዐቢይ ጾምም በዚያው ስለሚውል አሳ የሚፈልግ ሰው በሰፈሩ አይጠፋም።

ክረምት ላይ አዋሽ ቡናማ ይሆናል። አምባዛ ዓይኑ ትንሽ ናት፤ ምግቡን የሚያገኘው በአፉ ዙሪያ ባሉት 8 ጢሞቹ እያሸተተና እየዳሰሰ ስለሆነ የደፈረሰ ውሃ አያስቸግረውም። ግን ይህ የሚራባበት ጊዜ ነው። እንቁላል ይዛ ሆዷ የተነፋ አሳ ከያዛችሁ ልቀቋት። የቦዩ ዳር ጭቃም ያንሸራትታል። ሐምሌና ነሐሴን ብታርፉ ምንም አይቀርባችሁም።

ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ነው። መሀሉን ለምሳና ለጥላ ተውት። እዚህ ላይ ከአሳ የበለጠ ሌላ ምክንያት አለ። የወንጂ ቦዮች ቢልሃርዚያ እንዳለባቸው ለረጅም ጊዜ የተጠና ጉዳይ ነው። የበሽታውን ትል የምታሳድገው ቦዩ ውስጥ ያለችው ቀንድ አውጣ ናት። የትሉ እጭ ከቀንድ አውጣዋ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በበረታችበት የቀኑ እኩሌታ ነው፤ በቆዳ በኩልም ይገባል፣ ቁስል አይፈልግም። ስለዚህ ወደ ውሃው አትግቡ። ዳር ሆናችሁ አጥምዱ፣ ቦቲ ጫማ አድርጉ። እጃችሁ ከረጠበ ወዲያው በፎጣ አሽታችሁ አድርቁ። አሳ ሲይዙ እጅ መርጠቡ አይቀርምና አንዲት ደረቅ ፎጣ ለዚሁ ብቻ ያዙ። ከዚያ በኋላ ስጋት ካደረባችሁ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያድናል።

ምሽት ላይ ቢንቢ አለ፣ ወባ አለ። ረጅም እጅጌ ልበሱና ሳይጨልም ውጡ። ወደ አዋሽ ወንዝ ዳር ራሱ ደግሞ በጨለማ ፈጽሞ አትጠጉ። ጉማሬም አዞም የሚኖርበት ወንዝ ነው። ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ሲመሽ ነው፤ ከውሃው ጋር መካከሉ የገባ ሰው ላይ ምሕረት የለውም። የምትጠጡትን ውሃም ከአዳማ ይዛችሁ ሂዱ። በአካባቢው ያለ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ ከፍተኛ መሆኑ ይታወቃል።

የሚያዝ እቃ

የሚራመድ ሰው የሚሸከመው ትንሽ መሆን አለበት። ወንበር፣ ሁለት ዘንግ፣ ትልቅ ሳጥን የያዘ ሰው አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም። እኔ የምመክረው አንድ ዘንግና በትከሻ የሚንጠለጠል ቦርሳ ነው።

ዘንጉ ከ2 ሜትር እስከ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን ይበቃል። ከዚያ የረዘመ አገዳው ውስጥ እየተሰነቀረ ያስመርራል። ሪል ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ የተጠቀለለ ናይለን ለጠባብ ቦይ ምንም አያንሰውም። የአካባቢው ልጆች በዚያ ነው የሚያጠምዱት፤ አሳው ሲነካ በጣታቸው ስለሚሰማቸው ከዘንግ የተሻለ ጊዜም አለ። ናይለኑ ከ10 እስከ 15 ኪሎ የሚችል ይሁን። ወፍራም ይመስላል፤ ግን አምባዛ ሲያዝ መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ ሥርና ወደ ቱቦ መግባት ነው። ቀጭን ክር እዚያ ላይ አይተርፍም።

መንጠቆው ቁጥር 2/0 ወይም 3/0። የአምባዛ አፍ ሰፊ ነው፤ ትንሽ መንጠቆ ሆዱ ድረስ ይውጣል፣ ከዚያ በሕይወት መልቀቅ አይቻልም። አምባዛ ሹል ጥርስ የለውም። አፉ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ጥርሶች ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ናይለኑን እየፋቁ ያሳሱታል። ስለዚህ ከመንጠቆው በላይ ያለውን አንድ ስንዝር በየጊዜው በጣታችሁ መሀል ሳቡት። ከሻከራችሁ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ።

ለክብደት እርሳስ መግዛት የለባችሁም። የባጃጅ ጋራዥ ጎራ ብላችሁ ያረጀ ዳዶ ለምኑ፤ በነፃ ይሰጧችኋል። ያረጀ ካንዴላም ይሆናል፤ ግን ለቦይ ይከብዳል፣ ውሃው ኃይለኛ ሲሆን ብቻ ያዙት። ከዚህ ሌላ ፒንሳ፣ ቢላ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ትንሽ ጨው፣ አንድ ባዶ ማዳበሪያና የእጅ ባትሪ። በቃ።

አስተሳሰሩን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ብዙ አሳ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። መጀመሪያ የናይለኑን ጫፍ በዳዶው ቀዳዳ አሳልፉ። ዳዶው አይታሰርም፤ ክሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እንዲንሸራተት ይተዋል። አሳው መንጠቆውን አፉ ውስጥ ከቶ ሲሄድ ክሩ ብቻ በዳዶው ውስጥ ያልፋል፤ ክብደቱ አይሰማውም፣ አይተፋውም። ከዳዶው በታች፣ ከመንጠቆው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ትንሽ የክብሪት እንጨት ስባሪ በክሩ ላይ በደንብ ቋጥሩ። ዳዶው ከዚያ በታች እንዳይወርድ ያግደዋል። የዳዶው ቀዳዳ ከእንጨቱ ጠበብ ማለት አለበት፤ አለዚያ ሾልኮ ይወርዳል። ከዚያ ወደ መንጠቆው ሂዱ። ጫፉን በመንጠቆው ዓይን አሳልፉና በራሱ በክሩ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዙት። ከዚያ ጫፉን መልሳችሁ ዓይኑ አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት ውስጥ አስገቡት። ከመጥበቁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሰበቃ ይሞቃል፣ ይደክማል፤ ቋጠሮው የሚበጠስበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ጥምዝምዙ እርስ በርሱ ተደርድሮ ሲቀመጥ ታያላችሁ። ካልተደረደረ ቆርጣችሁ ድገሙት። መጨረሻ ላይ መንጠቆውን በፒንሳ፣ ክሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ሞክሩት።

ማባበያ

አምባዛ የማይበላው ነገር ጥቂት ነው። የምድር ትል፣ የዶሮ አንጀት፣ ጉበት፣ የአሳ ሆድ ዕቃ ሁሉም ይሠራል። ሽታው በጠነከረ ቁጥር ከሩቅ ይጠራል። ትልቅ አምባዛ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ከጣት ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ቆሮሶ ይበልጣል። እሱን እዚያው ቦይ ላይ፣ በትንሽ መንጠቆና በሊጥ፣ ሳሩ ዳር ይዛችሁ እዚያው ተጠቀሙበት። ከቆቃ ወይም ከሌላ ውሃ በባልዲ ሕያው አሳ ወደ ቦይ አታምጡ። ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው በሽታና የማይፈለግ አሳ የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው።

ቆሮሶው የሚሰካው ከጀርባው ነው፤ ከላይ ካለው እሾሃማ ክንፍ ኋላ፣ አጥንቱን ሳይነካ። ጉበት ላላ ስለሚል ከመንጠቆው ይወልቃል። ጨው ነስንሳችሁ ለአንድ ሌሊት ብታሳድሩት ይጠነክራል። የዶሮ አንጀት ደግሞ መንጠቆው ላይ ደጋግማችሁ ጠቅልሉና ጫፉን ተንጠልጥሎ ተውት።

የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ላይ መበተን የቆየ ልማድ ነው። እባካችሁ አታድርጉት፣ የሚያደርግ ካያችሁም ንገሩት። መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ የነገውን አሳ ሁሉ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ውሃውን ማየት

ከሁሉም በላይ ልትለማመዱት የሚገባው ይህን ነው። መንጠቆ ሳትጥሉ በፊት የቦዩን ዳር ሃምሳ ሜትር ያህል በዓይናችሁ ሂዱበት።

የመጀመሪያው ቦታ የውሃ በር ነው። ውሃው ከበሩ ሥር ሲወጣ መሬቱን ይቆፍራል፤ ከበሩ በታች ጎድጓዳ ኩሬ ይሠራል። ትንንሽ አሳ በግፊቱ ደንዝዞ ወደዚያ ይወርዳል። አምባዛው ግን አረፋው መሀል አይቆምም። ፈጣኑ ውሃና የተኛው ውሃ የሚገናኙበትን መስመር ፈልጉ፤ ገለባና ቅጠል እየተሽከረከረ የሚቆይበት ነው። መንጠቆው መውደቅ ያለበት እዚያ ነው። በሩን ግን አትንኩ፣ አትክፈቱ፣ ላዩ ላይም አትቁሙ። አንድ ማሳ የሚጠጣው በእሱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሥር የሚያልፍ ቱቦ ነው። ጨለማና ቅዝቃዜ ስላለው ቀን ላይ አምባዛ ውስጡ ይተኛል። ከአፉ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ ቁሙ፤ ማባበያውን ከአፉ አንድ ክንድ ርቆ ወደ ታች አስቀምጡ። ቱቦ ላይ የተያዘ አሳ ወደ ውስጥ እንዲመለስ አንድ ሜትር እንኳ አትፍቀዱለት።

ሦስተኛው ትንሹ ቦይ ከትልቁ የሚገነጠልበት ማዕዘን ነው። አራተኛው እምቦጭ ነው። እምቦጭ የውሃ ጠላት ነው፤ ግን ባለበት ቦታ ሁሉ ትንንሽ አሳ ሥሩ ውስጥ ይሸሸጋል፣ አዳኙም ዳር ዳሩን ይዞራል። መሀሉ ላይ አትጣሉ፤ ጠርዙን ተከትላችሁ ማባበያው ከቅጠሉ በአንድ ጫማ ርቀት እንዲያልፍ አድርጉ። የተቆረጠ አገዳ ወድቆ ውሃ ውስጥ የተኛበት፣ ዳሩ ተሸርሽሮ ሥር የተንጠለጠለበት ቦታም እንደዚሁ ነው።

ወፎቹን ተመልከቱ። ጥቁርና ነጩ አሳ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን የሚያርገበግበው ከሥሩ ትንንሽ አሳ ስላየ ነው። ትንንሽ አሳ ካለ አዳኝ ሩቅ አይሆንም። ውሃው ላይ ድንገት ጭልፍ ብሎ የሚጠፋ ነገር ካያችሁ ደግሞ አምባዛ አየር ሊወስድ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው በየጊዜው ወደ ላይ ብቅ ይላል። ያንን ቦታ አስታውሱት።

ውሃው ሲዘጋ ቦዩ ይደርቅና አሳው በየጉድጓዱ ተከማችቶ ይቀራል። በዚያን ቀን መያዝ በጣም ቀላል ነው። የምትበሉትን ብቻ ይዛችሁ ሌላውን ተውት።

ከፋብሪካው የሚወጣ ቆሻሻ ውሃ በሚያልፍበት መስመር ላይ ግን አታጥምዱ፤ ከዚያ የወጣውን አሳም አትብሉ። ማሳው መድኃኒት በተረጨበት ሰሞን ከማሳው የሚመለሰውን ትርፍ ውሃ የሚወስደውን ቦይ ተዉት። ውሃ የሚያስገባው ቦይ ይሻላል።

አረማመድ

ከታች ወደ ላይ፣ ውሃው ከሚመጣበት አቅጣጫ ጋር ፊት ለፊት ሂዱ። አሳ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ ያዞራል፤ እናንተ ከኋላው ትመጣላችሁ። በእግራችሁ የሚረገፈው አፈርም ገና ወዳልሞከራችሁት ቦታ አይደርስም። ማባበያውን ከአሳው በላይ ስትጥሉ ደግሞ ሽታው ራሱ ወርዶ ያገኘዋል።

ቦዩ ጠርዝ ላይ አትራመዱ። ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ሂዱ፣ ወደ ቦታው ስትጠጉ ጎንበስ በሉ። የመሬት ንቅናቄ ውሃ ውስጥ ይሰማል፤ የሰው ጥላ ውሃው ላይ ሲወድቅም አሳ ይሸሻል። ጠዋት ፀሐይ በጀርባችሁ ከሆነ በሌላኛው ዳር መሄድ ይሻላል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዳችሁ ቦታ እየዘለላችሁ ቅደሙ፤ አንድ ውሃ ላይ አትደራረቡ። ወሬም ዝቅ ይበል።

መጀመሪያ የቅርቡን ዳር ሞክሩ። ሰው ሁሉ ወዲያ ማዶ ይወረውራል፤ አምባዛው ግን ብዙ ጊዜ እግራችሁ ሥር ካለው ሣር ጥላ ነው የሚተኛው። ከቅርቡ ቀጥሎ መሀሉን፣ መጨረሻ ላይ ማዶውን። ስትጥሉ ጧ አይበል፤ ዘንጉን ከታች ወደ ላይ ወዝወዝ አድርጋችሁ ማባበያውን በቀስታ አስቀምጡት።

አንድ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ። ደህና የሚመስል በር ወይም ቱቦ ላይ ሃያ ደቂቃ። ካልነካ ተነሱ። «ትንሽ ብቆይ ይመጣል» የሚለውን ሐሳብ አትስሙት። ስትመለሱ በዚያው መንገድ ስለሆነ ምርጦቹን ቦታዎች ሁለተኛ ጊዜ ትሞክራላችሁ፤ ጠዋት ዝም ያለ ቱቦ ወደ ማታ የሚነቃበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሲነካና ሲያዝ

አምባዛ ሲነካ መጀመሪያ ኩት ኩት ያደርጋል። ጢሙ ነው፤ እየዳሰሰው ነው። አትንቀሳቀሱ። ናይለኑን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ይዛችሁ ላላ አድርጉት። ከዚያ ክሩ በአንድ አቅጣጫ ሳያቋርጥ መሄድ ይጀምራል። ትል ወይም ጉበት ከሆነ አንድ ሜትር ያህል ሲሄድ፣ ቆሮሶ ከሆነ ትንሽ ቆየት ብላችሁ፣ ክሩን አጥብቃችሁ ዘንጉን ወደ ጎን ሳቡ። ወደ ላይ መመንጨቅ አያስፈልግም። ኩት ኩት ሲል የሚመነጭቅ ሰው ማባበያውን ከአፉ ነጥቆ ያወጣል።

ከተያዘ በኋላ የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ወሳኝ ነው። ከቱቦውና ከሥሩ አርቁት፤ ወደ ክፍቱ ውሃ ጎትቱት። ከዚያ በኋላ እንዲደክም ፍቀዱለት። ክሩ ሁልጊዜ የተወጠረ ይሁን። ሲደክም ውሃው ጥልቀት ወደሌለበትና ዳሩ ተዳፋት ወደሆነበት ቦታ እየመራችሁ አንሸራትታችሁ አውጡት። በክሩ አታንጠልጥሉት፤ ክብደቱ አየር ላይ ሲሆን ነው የሚበጠሰው።

ስትይዙት ተጠንቀቁ። ከጭንቅላቱ ኋላ በግራና በቀኝ ባሉት ክንፎች ላይ ጠንካራ እሾህ አለ፤ ጠርዙ መጋዝ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጭንቅላቱን ከላይ ጨብጡ፣ እሾሆቹ በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች መሀል ይቅሩ። ከወጋችሁ ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡት። መንጠቆውን በፒንሳ በገባበት አቅጣጫ መልሱ።

የምትለቁት ከሆነ ትኩስ አፈር ላይ አታንከባሉት፤ እርጥብ ሣር ላይ አድርጋችሁ ፈጥናችሁ መልሱት። የምትወስዱት ከሆነ ወዲያው ግደሉት። አምባዛ አየር ስለሚተነፍስ ማዳበሪያ ውስጥ ተጨምሮ ለረጅም ሰዓት በሕይወት ይቆያል። ያንን ስቃይ ማንም ፍጡር አይገባውም። በዓይኖቹ መሀል ከፍ ብሎ በከባድ ነገር አንድ ጊዜ መምታት ይበቃል። ከዚያ ስንጥቡን ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ፣ ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ ማዳበሪያውን አርጥባችሁ ጥላ ውስጥ ያዙት። በአዳማ ሙቀት አሳ ቶሎ ይበላሻል፤ ከያዛችሁ በኋላ ብዙ አትቆዩ።

የተቆረጠ ናይለን አንዲት ክንድ እንኳ እዚያ አትጣሉ። የአባ ኮዳና የሌላው ወፍ እግር ላይ ተጠምጥሞ እግር የሚቆርጥ ነገር ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ጠቅልላችሁ ቤት ስትደርሱ አቃጥሉት።

ቤት ከደረሳችሁ በኋላ

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ስለሚከለክል ብዙ ሰው አይበላውም። ስለዚህ ለጎረቤት ስትሰጡ አምባዛ መሆኑን ፊት ለፊት ንገሩ። ተቆርጦ ሲቀርብ የማይለይ ስለሆነ ሳይነገረው የበላ ሰው የሚያዝነው በእናንተ ነው።

ዝልግልጉን ለማስወገድ አመድ ወይም ጨው አሹበትና በደንብ እጠቡት። ቆዳውን በጭንቅላቱ ዙሪያ በቢላ ቀንጥሱና ጠርዙን በፒንሳ ይዛችሁ ወደ ጭራው ጎትቱ፤ እንደ ካልሲ ይወልቃል። በጎኑ መሀል ለመሀል የሚሄደውን ጥቁር ቀይ ሥጋ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ የጭቃ ጣዕም የሚመጣው በአብዛኛው ከዚያ ነው። የቀረውን ሎሚ በጨመቃችሁበት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት።

አምባዛ ሥጋው ጠንካራ ስለሆነ ለጉላሽ ከቆሮሶ ይሻላል፤ አይፈራርስም። ሽንኩርቱን በዘይት ካበሰላችሁ በኋላ ቲማቲሙን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን ጨምሩ። ሥጋው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ደጋግማችሁ አታማስሉት፤ ድስቱን በጆሮው ይዛችሁ ወዝወዝ ብቻ አድርጉት። ሥጋው እስከ መሀሉ መብሰሉን አንዱን ቁራጭ ገምሳችሁ አረጋግጡና አውጡ።